«ጋዝ ብቻ ነው የሚፈልገው» ስንት ያስከፍላል?
የአሮጌ መኪና ኤሲ ብልሽት እንዴት ይመረመራል?

በአዲስ አበባ የአሮጌ መኪና ገበያ ሻጭና ደላላ ተባብረው ከሚደጋግሟቸው አባባሎች አንዱ «ኤሲው ደህና ነው፤ ጋዝ ብቻ ነው የሚፈልገው» የሚለው ነው። ገዢው ጋዝ ማስሞላትን ጎማ ከማስነፋት ለይቶ ስለማያየው ራሱን ነቅንቆ ያልፈዋል። ከወራት በኋላ ቤተሰቡን አሳፍሮ ወደ ድሬዳዋ ሲወርድ፣ አዋሽ ላይ ሙቀቱ በርትቶ ከክሩስኮቱ የሚወጣው አየር ከውጭው የማይሻል ሲሆን ግን የዚያች አባባል ዋጋ ይገባዋል።

ጉዳዩ የምቾት ብቻ አይደለም። ያገለገሉ ተሽከርካሪዎች ላይ እንደ ዕድሜያቸው ከፍ ያለ ግብር የጣለው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186/2012 ከወጣ፣ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ፣ አገር ውስጥ ያለውን አሮጌ መኪና ጠግኖ ማቆየት የብዙ ባለንብረቶች ምርጫ ሆኗል። በዚያው ዓመት ሐምሌ ወር የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን መደረጉም ከውጭ የሚመጣን መለዋወጫ አስወድዷል። በዚህ ሁኔታ የኤሲን ብልሽት በግምት ማሠራት የሚያዋጣ ነገር አይደለም።

ጋዙ አይቃጠልም፣ አያልቅም

በቅድሚያ መታወቅ ያለበት የኤሲ ጋዝ እንደ ቤንዚን የሚቃጠል፣ እንደ ሞተር ዘይትም በየጊዜው የሚቀየር አለመሆኑን ነው። ጋዙ በተዘጋ መስመር ውስጥ ይዞራል። ኮምፕሬሰሩ ጋዙን አምቆ ያሞቀዋል፤ ከራዲያተሩ ፊት ያለው ኮንደንሰር ሙቀቱን ወደ ውጭ አስወጥቶ ወደ ፈሳሽነት ይለውጠዋል፤ ፈሳሹ እርጥበትና ቆሻሻ በሚይዘው ድራየር አልፎ፣ በጠባቧ የኤክስፓንሽን ቫልቭ በኩል ወደ ኢቫፖሬተር ይገባል። ክሩስኮቱ ሥር ባለው ኢቫፖሬተር ውስጥ ፈሳሹ ተመልሶ ሲተን ከመኪናው አየር ሙቀት ይወስዳል። በላብ የራሰ ቆዳ ላይ ነፋስ ሲያልፍ የሚሰማው ቅዝቃዜ ከዚሁ የተለየ አይደለም።

ስለዚህ ጋዙ ከጎደለ አንድ ቦታ አፍስሷል ማለት ነው። እርግጥ በአሮጌ መኪና የላስቲክ ቱቦዎችና ማኅተሞች በኩል ጥቂት ግራም በየዓመቱ ይወጣል። አንድ ሙሊት በርካታ ዓመታት ቆይቶ ከደከመ የዕድሜ ነገር ነው ብሎ ማለፍ ይቻላል። በሳምንታት ወይም በጥቂት ወራት ውስጥ ካለቀ ግን «ጋዝ ብቻ ነው የሚፈልገው» ማለት «ቀዳዳ አለው» ማለት ነው።

ከርካሹ ወደ ውዱ

ይሁን እንጂ የማያቀዘቅዝ ኤሲ ሁሉ ጋዝ ጎድሎታል ማለት አይደለም። ምርመራው ወጪ ከሌለው ነገር ተነስቶ ወደ ውዱ መሄድ ይኖርበታል።

የመጀመሪያው ጥያቄ አየሩ በደንብ ይነፍሳል ወይ የሚለው ነው። ንፋሱ ደካማ ከሆነ በአቧራ የታፈነ የአየር ማጣሪያ ወይም የደከመ ፋን ሊሆን ይችላል። ንፋሱ ጥሩ ሆኖ ሙቀት ካለው፣ የሙቀት መቆጣጠሪያው ኬብል ተላቆ ወይም ክዳኑ ተጣብቆ የማሞቂያው አየር ከቀዝቃዛው ጋር እየተቀላቀለ መሆን አለመሆኑን ማየት ያስፈልጋል። ይህ በአሮጌ መኪኖች ላይ የተለመደ ነው፤ ከጋዝ ጋርም ግንኙነት የለውም።

ሁለተኛው ኮፈኑን ከፍቶ ኤሲው ሲበራ የኮምፕሬሰሩን ፊት ማየት ነው። ክላቹ «ቀጭ» ብሎ ይዞ መሐሉ ከፑሌው ጋር አብሮ መዞር አለበት። ካልያዘ ፊውዙ፣ ሪሌው፣ ሽቦውና የግፊት ማብሪያ ማጥፊያው በቴስተር ይፈተሻሉ። ቺንጊያው ላልቶ መንሸራተት አለመንሸራተቱም አብሮ ይታያል።

እዚህ ላይ አንድ አደገኛ ልማድ አለ። ክላቹ አልይዝ ሲል አንዳንድ ባለሙያዎች የግፊት ማብሪያውን ዘልለው ሽቦውን ቀጥታ ያገናኙታል። ኮምፕሬሰሩ ይዞራል፤ ደንበኛውም ተሠራ ብሎ ይደሰታል። ማብሪያው ግን ያቋረጠው ጋዙ በመጉደሉ ሊሆን ይችላል። የኮምፕሬሰሩ ዘይት የሚዘዋወረው ከጋዙ ጋር በመሆኑ ጋዝ በሌለበት መዞር ያለ ዘይት መዞር ነው። ለጥቂት ብር የተሠራች ዘዴ የመስመሩን ዋና ዕቃ ታቃጥላለች።

ሦስተኛው የኮንደንሰሩ ፋን ነው። መኪናው ሲሄድ ቀዝቅዞ፣ መብራት ላይ ሲቆም ሙቅ አየር የሚሰጥ ከሆነ ፋኑ እየሠራ አይደለም፣ አልያም ኮንደንሰሩ በጭቃና በነፍሳት ተደፍኗል። ይህን ብልሽት በጋዝ ለማከም መሞከር ግፊቱን የበለጠ ከማናር ሌላ ጥቅም የለውም።

ሁለቱ ጌጆች ምን ይላሉ?

እነዚህ ሁሉ ደህና ከሆኑ ነው ጌጅ የሚያስፈልገው። ሰማያዊው ዝቅተኛውን፣ ቀዩ ከፍተኛውን ግፊት ያሳያል። የዘመኑ አሮጌ መኪኖች በአብዛኛው በሚጠቀሙበት አር 134ኤ በተባለው ጋዝ፣ ሞተሩ እየሠራ ዝቅተኛው ከ25 እስከ 45 ፒኤስአይ፣ ከፍተኛው ደግሞ እንደ ውጭው ሙቀት ከ150 እስከ 250 ፒኤስአይ አካባቢ ቢሆን ደህና ነው ይባላል።

ሁለቱም ዝቅ ካሉ ጋዝ ጎድሏል። ሁለቱም ከፍ ካሉ ጋዝ በዝቷል ወይም ኮንደንሰሩ ሙቀት ማስወጣት ተስኖታል። ዝቅተኛው ከፍ ብሎ ከፍተኛው ዝቅ ካለ ኮምፕሬሰሩ የማመቅ ኃይሉን አጥቷል። ዝቅተኛው ከዜሮ በታች ወርዶ የሚቀር ከሆነ መስመሩ በቆሻሻ ወይም በበረዶ ተዘግቷል ብሎ መጠርጠር ይገባል።

ሞተሩ ጠፍቶ የሚነበበው ቁጥር ግን አሳሳች ነው። በ20 ዲግሪ ሙቀት ቆሞ ያደረ መኪና አዲስ አበባ ላይ 70 ፒኤስአይ ገደማ ያሳያል። በመስመሩ ውስጥ ጥቂት ፈሳሽ እስካለ ድረስ ግማሽም ሆነ ሙሉ ቢሆን ንባቡ ያው ነው። ስለዚህ «ግፊቱን አይቻለሁ፣ ሙሉ ነው» የሚል ሰው ያየው ጋዝ መኖሩን እንጂ መጠኑን አይደለም። ትክክለኛው መጠን የሚታወቀው በሚዛን ነው። ብዙ ትናንሽ መኪኖች ከግማሽ ኪሎ እስከ ሦስት ሩብ ኪሎ ግራም የሚይዙ ሲሆን፣ የእያንዳንዱ መኪና ልክ አብዛኛውን ጊዜ ኮፈኑ ሥር በተለጠፈ ወረቀት ላይ ተጽፏል።

ቀዳዳው የት ነው?

ጋዝ ሲወጣ ዘይት ይዞ ይወጣል። በመሆኑም በመገጣጠሚያዎች፣ በኮምፕሬሰሩ ፊትና በኮንደንሰሩ ላይ አቧራ የያዘ ቅባት ከታየ ፍለጋው ከዚያ ይጀመራል። የሳሙና አረፋ ትልልቁን ቀዳዳ ያሳያል። ለጥቃቅኑ በልዩ መብራት የሚታይ ቀለም ወይም ኤሌክትሮኒክ ጠቋሚ ይረዳል። ባዶ መስመርን በግፊት ለመፈተን ተገቢው ናይትሮጅን ነው። የጎማ መንፊያ አየር እርጥበት ያስገባል፤ ኦክስጅን ደግሞ ከዘይት ጋር ተገናኝቶ ሊፈነዳ ስለሚችል ፈጽሞ አይሞከርም።

ቀዳዳው ከተገኘ በኋላ ብዙ ጊዜ መፍትሔው የላስቲክ ቀለበት ወይም ቱቦ መቀየር ነው። ኢቫፖሬተሩ ከሆነ ክሩስኮቱ ስለሚፈታ የእጅ ዋጋው ይከብዳል። መስመሩ በተከፈተ ቁጥር ድራየሩ መቀየር አለበት፤ ከዚያም እርጥበቱ እንዲወጣ በቫኪዩም ፓምፕ ይሳባል። ከባሕር ጠለል ከ2 ሺህ 300 ሜትር በላይ በሆነችው አዲስ አበባ የቫኪዩሙ ንባብ ከ23 ኢንች ብዙም አያልፍም። በመመሪያ መጻሕፍት የሚገኘው 29 ኢንች ለባሕር ጠለል የተጻፈ በመሆኑ ጥፋቱ የፓምፑ አይደለም።

ኮምፕሬሰሩ ተሰባብሮ ከሆነ ሌላ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። የብረቱ ብናኝ በመስመሩ ሁሉ ስለሚሰራጭ ኮምፕሬሰሩን ብቻ ቀይሮ መሄድ አዲሱንም ለዚያው ዕጣ መዳረግ ነው። ከሜርካቶ ሶማሌ ተራ ያገለገለ ኮምፕሬሰር የሚገዛም ቢሆን አፎቹ ተደፍነው የቆዩ መሆናቸውን፣ ዘይቱ አለመጥቆሩንና በእጅ ሲዞር ሳይንቀራፈፍ መዞሩን ማየት ይኖርበታል።

ስሌቱ

ለስሌት እንዲመች ብቻ አንድ ሙሊት 4 ሺህ ብር፣ ቀዳዳ ፈልጎ ቀለበትና ድራየር ቀይሮ መሙላት ደግሞ በድምሩ 12 ሺህ ብር ነው እንበል። ሙሊቱ ሁለት ወር ብቻ የሚቆይ ከሆነ ባለንብረቱ በስድስት ወር ውስጥ ሦስት ጊዜ ሞልቶ የጥገናውን ዋጋ ይጨርሳል፤ ቀዳዳው ግን አሁንም አለ። በዓመቱ መጨረሻ 24 ሺህ ብር አውጥቶ እጁ ላይ የሚቀረው ያው ብልሽት ነው። ዘይቱ እየጎደለ የደከመ ኮምፕሬሰር ከተጨመረበት ደግሞ ሒሳቡ ሌላ ይሆናል።

ታዲያ ሰው ለምን ደጋግሞ ያስሞላል? አንደኛው ምክንያት 4 ሺህ ብር ዛሬ ከ12 ሺህ ብር ይልቅ ቀላል መስሎ መታየቱ ነው። ሁለተኛው መረጃው ከደንበኛው ይልቅ በባለሙያው እጅ መሆኑ ነው። ሙሊት በደቂቃዎች ውስጥ ገንዘብ ያስገኛል፤ ቀዳዳ መፈለግ ግን ግማሽ ቀን ይፈጃል። ደንበኛው የሙሊት እንጂ የምርመራ ዋጋ ለመክፈል ካልፈለገ ገበያው የሚያቀርብለትም ሙሊት ብቻ ይሆናል።

ጋዙስ ምን ጋዝ ነው?

የኦዞንን ሽፋን ለመጠበቅ እ.ኤ.አ. በ1987 የተፈረመው የሞንትሪያል ፕሮቶኮል አር 12 የተባለውን የቀድሞ ጋዝ ከገበያ አስወጥቷል። መኪና አምራቾች እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ አጋማሽ ወደ አር 134ኤ ተሻግረዋል። ከዚያ በፊት የተሠራ መኪና ያለው ሰው መሙያው አፍ ላይ ማየት ይችላል፤ የአር 12 አፍ ጥርስ ያለውና በመዞር የሚገጠም ሲሆን፣ የአር 134ኤ ተጭኖ የሚያዝ ነው። የቀድሞው መስመር የሚጠቀምበት ማዕድናዊ ዘይት ከአዲሱ ጋዝ ጋር ስለማይዋሃድ ዘይቱንና ድራየሩን ሳይቀይሩ አዲስ ጋዝ መጨመር ኮምፕሬሰሩን ይጎዳል።

ርካሽ ጋዝም ያስፈራል። ቡታጋዝን የመሰለ ተቀጣጣይ ጋዝ ያቀዘቅዛል፤ ነገር ግን ኢቫፖሬተሩ ካፈሰሰ የሚጠራቀመው ተሳፋሪው በተቀመጠበት ክፍል ውስጥ ነው። በዓለም ገበያ በአር 134ኤ ስም የሚሸጥ አስመስሎ የተሠራ ጋዝም አለ። ከእነዚህ አንዳንዱ ከአሉሚኒየም ጋር ተገናኝቶ እስከ ፍንዳታ የሚያደርስ ነው። ስለዚህ ሲሊንደሩን አይቶ፣ ዓይነቱን ጠይቆ፣ በሚዛን ማስሞላት ተገቢ ነው።

ከመግዛት በፊት

የአዲስ አበባ አየር ቀዝቃዛ በመሆኑ ኤሲ ለወራት ሳይበራ ይከርማል። በዚህ የተነሳ የኮምፕሬሰሩ ማኅተም ዘይት አጥቶ ይደርቅና ማፍሰስ ይጀምራል። በየሳምንቱ ለ10 ደቂቃ ማብራት ይህን ለመከላከል ይረዳል፤ በክረምት ደግሞ የመስታወቱን ጉም ስለሚያደርቅ ጥቅሙ ድርብ ነው።

ገዢው መኪናውን መሞከር ያለበት በጠዋቱ ብርድ ሳይሆን በቀትር ነው። መኪናውን ፀሐይ ላይ አቁሞ፣ ኤሲውን ለ15 ደቂቃ አብርቶ፣ ቆሞም እየሄደም ቅዝቃዜውን ይይ። «ጋዝ ብቻ ነው የሚፈልገው» ከተባለም ጠብ አያስፈልገውም። «እንግዲያውስ አንተ አስሞላውና ከሁለት ሳምንት በኋላ ልየው» ማለት ይበቃል። ሻጩ ካልተስማማ ገዢው የሙሊቱን ሳይሆን የጥገናውን ሙሉ ዋጋ ከመኪናው ዋጋ ላይ ሊቀንስ ይገባል።

ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል እንዲሉ፣ ለጉዞ ተቻኩለው ማታ ያስሞሉት ጋዝ አዋሽ ሳይደርሱ ያልቃል።