በከሚሴ አካባቢ ስለሚታየው የማሽላ አረማሞ

የአዲስ አበባና የደሴ መንገድ በሚያልፍበት በከሚሴ አካባቢ ከዋነኞቹ የምግብ አዝመራዎች አንዱ ማሽላ ነው። ይህን እህል ከሚጎዱት ደዌዎች መካከል ፍሬውን ወደ ጥቁር ዱቄት የሚለውጠው አረማሞ ይገኛል፤ አምጪውም በሣርና በእህል ላይ በጥገኝነት ከሚኖሩት የፈንገስ ወገኖች ነው።

ስሙ አንድ ቢሆንም በርሱ የሚጠሩት ደዌዎች ብዙ ናቸው፤ ስሕተትም የሚጀምረው ከዚህ ነው። በአንደኛው ዓይነት ፍሬው ቅርጹን ሳይለቅ በስስ ሽፋን ውስጥ ጥቁር ዱቄት ይሞላበታል። በሁለተኛው ሽፋኑ ቶሎ ስለሚፈነዳ ዱቄቱን ነፋስ ይበትነዋል፤ ተክሉም ይቀጭጫል። በሦስተኛው ግን ዛላው በሞላው ነጣ ወዳለ ከረጢት ይለወጣል፤ ከረጢቱም ሲቀደድ ጥላሸት የመሰለ ዱቄት ይወጣል።

የፊተኞቹ ሁለቱ የሚተላለፉት በዘር ነው። በውቂያ ጊዜ ከታመመው ዛላ የወጣው ዱቄት በጤናማው ፍሬ ላይ ይለጠፋል፤ ዘሩ ሲበቅል አብሮ በቅሎ፣ ቡቃያው ከመሬት ሳይወጣ ይገባበትና በውስጡ ተሰውሮ ያድጋል። ስለዚህ ገበሬው ጥፋቱን የሚያየው ዛላ ሲወጣ ቢሆንም፣ መነሻው ያለፈው ዓመት አውድማ ነው። በስንዴ ላይ የሚደርሰውን ተመሳሳይ ደዌ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1755 ፈረንሳዊው ቲዬ በእርሻ ፈትኖ፣ ጥቁሩ ዱቄት ጤናማውን ዘር እንደሚበክል አሳየ፤ በ1807 ደግሞ ፕሬቮ የደዌው ምንጭ ሕይወት ያለው ጥገኛ መሆኑን አስረዳ።

በአገራችን ዘርን ቀናት በቆየ የላም ወይም የፍየል ሽንት ማሸት የታወቀ ልማድ ነው። ይህን እንደ ከንቱ እምነት የሚቈጥሩ የተማሩ ሰዎች አሉ፤ አልተባበራቸውም። ሽንት ሲቆይ አሞኒያ ያወጣል፤ በኢትዮጵያ የተደረጉ ሙከራዎችም በዘር የሚተላለፈውን አረማሞ እንደሚቀንስ አሳይተዋል። የጥንት የአውሮፓ ገበሬዎችም ዘራቸውን በሽንትና በኖራ ያሹ ነበር። ሦስተኛው ዓይነት ግን በአፈር ውስጥ ቆይቶ ቡቃያውን ከሥር ስለሚይዝ፣ ዘር ማሸት ብዙ አይረዳም፤ ከረጢቱ ሳይቀደድ ዛላውን ቈርጦ ማቃጠልና አዝመራ ማፈራረቅ ያስፈልጋል። እንግዲህ «ሽንት ለአረማሞ ይበጃል» ብሎ የሚመዘግብ የባህል ተመራማሪ የትኛውን ዛላ እንዳየ አብሮ ካልጻፈ፣ መዝገቡ ለገበሬውም ለሊቁም አይጠቅምም።

ከሽንቱ ይልቅ እኔ የማደንቀው የዘር መረጣን ነው። ጤናማው ዛላ ገና በቁሙ ሳለ ተመርጦ ለብቻው ሲቀመጥ ከአውድማው ዱቄት ይተርፋል። ድርቅ የቤቱን ዘር ያስበላ ዓመት ግን ገበሬው ከገበያ ይሸምታል፤ የሸመተው እህል በማን አውድማ፣ ከየትኛው ዛላ ጋር እንደ ተወቃ የሚነግረው የለም።