ስለ ኤሌክትሪክ ምጣድ፤ የሽቦ ተቃውሞና የኃይል ልክ እንዴት እንደሚታወቅ

በሰበታ፥ በቡራዩና በሱሉልታ ቤት የሠራው ሰው ከዘመን ወደ ዘመን እየበዛ ሄዶ፥ ሦስቱም ከተሞች ዛሬ በሸገር ከተማ ሥር ተጠቃልለዋል። በነዚህም ቤቶች በማገዶ ፈንታ የኤሌክትሪክ ምጣድ ገብቷል። ነገር ግን እመቤቶች ዘወትር የሚያነሡት አንድ ቅሬታ አለ፤ ይኸውም ምጣዱ በጧት መልካም አድርጎ ይጋግርና፥ ማታ ሊጡም ምጣዱም ያው ሳለ እንጀራው ዐይን ሳያወጣ ይቀራል የሚል ነው። ብዙ ሰዎች ጥፋቱን በጋጋሪዋ ወይም በእርሾው ላይ ይጥላሉ። እኛ ግን ፍርዱ በሒሳብ ቢሆን የተሻለ መስሎ ስለ ታየን፥ ስለዚሁ ነገር ጥቂት ለመጻፍ አሰብን።

ከቡራዩ አጠገብ ያለውን የገፈርሳን ግድብ ያየ ሰው ነገሩን በቀላሉ ያስተውለዋል። ውኃው ከፍ ብሎ በመቀመጡ ወደ ታች ይገፋል፤ በቧንቧውም ውስጥ ይፈስሳል፤ ቧንቧው ጠባብ ሲሆን ግን ፍሰቱ ያንሳል። ኤሌክትሪክም እንዲሁ ነው። ግፊቱ በቮልት፥ ጅረቱ በአምፔር፥ የሽቦው ተቃውሞ በኦም ይለካል። ይህ የመጨረሻው ስም የጀርመኑ ሊቅ የጌዎርግ ሲሞን ኦም መታሰቢያ ነው፤ እርሱም ሕጉን በመጽሐፍ ያወጣው በ1827 እንደ ኤውሮፓ አቈጣጠር ነበር። ሕጉም፥ ግፊቱ ለጅረቱ ሲካፈል ተቃውሞው ይገኛል የሚል ነው። ግፊቱ በጅረቱ ሲባዛ ደግሞ ኃይሉ በዋት ይታወቃል።

በአገራችን ለቤት የሚሰጠው ግፊት 220 ቮልት ነው። አንድ ምጣድ 16 አምፔር ቢስብ፥ 220 ለ16 ተካፍሎ ተቃውሞው 13.75 ኦም ይሆናል፤ 220 በ16 ተባዝቶ ኃይሉ 3,520 ዋት ነው። እንግዲህ ማታ ጐረቤቱ ሁሉ ምጣዱን በሚያበራበት ሰዓት፥ ከትራንስፎርመሩ ርቆ በከተማው ዳር ባለ ቤት ግፊቱ ወደ 180 ቮልት ወረደ እንበል። የምጣዱ ሽቦ ያው ስለ ሆነ ተቃውሞው እምብዛም አይለወጥም፤ ጅረቱ ግን 13.1 አምፔር ያህል፥ ኃይሉም 2,356 ዋት ያህል ብቻ ይሆናል። ግፊቱ ከአምስት እጅ አንድ እጅ እንኳ ሳይጐድል፥ ኃይሉ ከሦስት እጅ አንድ እጅ ጐደለ ማለት ነው። ይህም የሆነበት ምክንያት ግፊቱ ሲያንስ ጅረቱም አብሮት ስለሚያንስ ነው። በሱሉልታ ብርድ፥ አክንባሎው በተከፈተ ቍጥር ሙቀት እየሸሸ፥ በዚህ ኃይል ዐይናማ እንጀራ መጠበቅ ጋጋሪዋን መበደል ነው።

ነገር ግን ጥፋቱ ሁልጊዜ ከውጭ አይመጣም። ሙያ ያለው ሰው፥ ምጣዱ በርቶ ሳለ፥ ግፊቱን በቈጣሪው ዘንድና በምጣዱ ሶኬት ዘንድ ለክቶ ያስተያይ። በቈጣሪው 180 ከሆነ ጕዳዩ የኤሌክትሪክ አገልግሎት ነው፤ ለዚያው ማመልከት ይገባል። በቈጣሪው 215፥ በምጣዱ ግን 195 ቢያገኝ፥ 20 ቮልት በቤቱ ሽቦ ውስጥ ቀርቷል። ጅረቱ 195 ለ13.75 ተካፍሎ 14.2 አምፔር ያህል ነው፤ 20 ለ14.2 ሲካፈል የሽቦውና የመጋጠሚያው ተቃውሞ 1.4 ኦም ያህል መሆኑ ይገለጣል፤ 20 በ14.2 ሲባዛም 284 ዋት በግድግዳ ውስጥ እንደሚነድ ይታወቃል።

ይህ እሳት በረዥሙ ሽቦ ላይ ተከፋፍሎ ቢሆን ኖሮ ፍርሃቱ ይቀል ነበር። በአንድ በላላ መጋጠሚያ ላይ ተሰብስቦ እንደ ሆነ ግን፥ ከአውራ ጣት በማይበልጥ ስፍራ ፕላስቲኩን ያቀልጣል፤ ቤቱንም ሊያቃጥል ይችላል። በጣም የሚያስደነግጠው፥ ፊውዝ ይህን አደጋ የማያይ መሆኑ ነው፤ ፊውዝ የሚጠብቀው የጅረቱን መብዛት ነውና፥ በላላ መጋጠሚያ ደግሞ ጅረቱ ያንሳል እንጂ አይበዛም። ፊውዝ በተቃጠለ ጊዜ በፈንታው ወፍራም ሽቦ የሚያስሩ ሰዎችማ ያችኑ ጥቂት ጥበቃ ከቤታቸው ያስወጣሉ። የሶኬቱ መሙቀትና የተቃጠለ ፕላስቲክ ሽታ ከሁሉ በፊት የሚመጡ ምልክቶች ናቸውና፥ ሲታዩ ወዲያው ማብሪያውን መዝጋት ያስፈልጋል።

ይህ ቀላል ሒሳብ ለምጣድና ለውኃ ማሞቂያ በትክክል ይሠራል። የወፍጮና የማቀዝቀዣ ሞተር ግን ሌላ ተጨማሪ ስሌት ስለሚያሻው በዚህ አናስገባውም።

ቮልት ከፍ ሲል ለተመሳሳይ ኃይል የሚያስፈልገው ጅረት እንደሚያንስ ለማየት የሚሻ ሰው ወደ ሰበታ ይሂድ። በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው፥ ከዚያ ተነሥቶ ጅቡቲ የሚደርሰው የባቡር መንገድ የሚሠራው በ25,000 ቮልት ነው። ዕቃ የሚጐትተው ሞተር ኃይሉ 7,200 ኪሎ ዋት፥ ማለት ከሁለት ሺህ የሚበልጥ ምጣድ ኃይል ነው። በቤታችን 220 ቮልት ቢሠራ ኖሮ ከ32,000 አምፔር በላይ በፈለገ ነበር፤ ይህን የሚሸከም ሽቦም በምሰሶ ላይ ሊሰቀል ባልቻለ። በ25,000 ቮልት ግን 288 አምፔር ይበቃዋል፤ ይኸውም የዐሥራ ስምንት ምጣድ ጅረት ነው።