እንደ ምርቃት የሚቆጠረው ኦፕሬቲንግ ሲስተም ትምህርት ቤቶችን ሂሳብ ያስቆጥራል

ለኮምፒዩተር ክፍሉ ያገለገሉ ማሽኖች የሚገዛ የግል ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ከሻጩ ጋር የሚከራከረው በአብዛኛው በፕሮሰሰሩ ትውልድ፣ በራሙና በስክሪኑ ስፋት ነው። በማሽኑ ላይ የተጫነው ኦፕሬቲንግ ሲስተም እንደ ምርቃት ይታያል።

ምርቃቱ ግን ዋጋ ካወጣ ቆይቷል። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረውን መደበኛ ድጋፍ እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 14 ቀን 2025 አቁሟል። ማሽኑ መሥራቱን አይተውም፤ አዲስ የሚገኝ የደህንነት ቀዳዳ ግን በነፃ አይደፈንለትም። ተተኪው ዊንዶውስ 11 ደግሞ ቢያንስ 4 ጊጋባይት ራም፣ 64 ጊጋባይት ማከማቻና ቲፒኤም 2.0 የተባለ የደህንነት ክፍል ይጠይቃል፤ ከጥቂቶች በስተቀር ከ8ኛው ትውልድ በታች ያሉትን የኢንቴል ፕሮሰሰሮች አይቀበልም። 6ኛና 7ኛ ትውልድ ማሽን በርካሽ ያገኘ ገዢ ይህንን አስቀድሞ ሊያውቅ ይገባል።

ነገሩ የግዢ ብቻ ሳይሆን የትምህርትም ጉዳይ ነው። ኦፕሬቲንግ ሲስተም እንደ መጋዘን ኃላፊ ነው፤ ራሙን፣ ዲስኩንና ፕሪንተሩን ለየፕሮግራሙ እያከፋፈለ ያሠራል። ዓይነቱም ብዙ ነው። እ.ኤ.አ. በ1981 ከአይቢኤም ኮምፒዩተር ጋር የመጣው ዶስ ለአንድ ሰው አንድ ሥራ ብቻ የሚሠራ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1969 በቤል ላቦራቶሪ የተጀመረው ዩኒክስ ብዙ ተጠቃሚዎችን በአንድ ጊዜ ማስተናገድ ቻለ። የፊንላንዱ ተማሪ ሊኑስ ቶርቫልድስ እ.ኤ.አ. በ1991 ይፋ ያደረገው ሊኑክስ የዚሁ የዩኒክስ አምሳያ ሲሆን፣ ተማሪው በኪሱ የያዘው አንድሮይድ ስልክም የሚሠራው በሊኑክስ ላይ ነው። አንድ ዓይነት ስክሪን ብቻ አይቶ የሚመረቅ ተማሪ ይህንን ሁሉ በቃሉ ሸምድዶ ይወጣል እንጂ አያውቀውም።

ወደ ሂሳቡ ስንመለስ፣ የዊንዶውስ 11 ሆም የአሜሪካ ችርቻሮ ዋጋ 139 ዶላር ነው። 40 ማሽን ላለው ክፍል 5,560 ዶላር ይመጣል። የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገበት ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ ይህ ለብዙ ትምህርት ቤት የሚቀመስ አይደለም። ለትምህርት ተቋማት የሚደረግ ቅናሽ ግን አለ። ለዊንዶውስ 10 የተራዘመው የደህንነት ማሻሻያ ለንግድ ድርጅት በመጀመሪያው ዓመት በማሽን 61 ዶላር ሲሆን፣ ለትምህርት ተቋም 1 ዶላር፣ በሁለተኛው ዓመት 2፣ በሦስተኛው 4 ዶላር ነው። የ40 ማሽን የሦስት ዓመት ወጪ 280 ዶላር ብቻ ይሆናል ማለት ነው። አገልግሎቱ የሚሰጠው ግን ሕጋዊ ፈቃድ ላለው ማሽን ስለሆነ፣ በምርቃት የተጫነ ቅጂ እዚህ ላይ አይረዳም።

ሌላው መንገድ የፈቃድ ክፍያ የሌለው ሊኑክስ ነው። የህንዷ ኬረላ ግዛት ለትምህርት ቤቶቿ የራሷን የሊኑክስ ዝግጅት አሰናድታ እ.ኤ.አ. በ2019 ከ200,000 በላይ በሚሆኑ ኮምፒዩተሮች ላይ እንደምታውልና 3,000 ክሮር ማለትም 30 ቢሊዮን ሩፒ እንደምታድን አስታውቃ ነበር። ግዛቲቱ ዲስክ በማደል ብቻ አልተወሰነችም፤ መምህራኑንም አሠልጥናለች።

ሊኑክስ ታዲያ ያለ ወጪ አይገኝም። የሚጭነውና የሚጠግነው ባለሙያ፣ የሚያስተምረው መምህር ያስፈልጉታል። በአዲስ አበባ ቀጣሪዎች ከሂሳብ ሠራተኛ የሚጠይቁት ፒችትሪም የሚሠራው በዊንዶውስ ነው። ሊኑክስን ብቻ የተማረ ልጅ ሥራ ፍለጋ ሲወጣ ይቸገራል።

ስለዚህ አዋጪው ሁለቱን ማጣመር ይመስላል። ለዊንዶውስ 11 የሚበቁ ጥቂት ማሽኖች ለሂሳብና ለቢሮ ሥራ ልምምድ ይመደባሉ፤ የቀሩት አሮጌዎች ሊኑክስ ተጭኖባቸው ዕድሜያቸው ይራዘማል። ከመወሰኑ በፊት ሊኑክስን በፍላሽ ዲስክ ጭኖ፣ ዲስኩን ሳይነኩ በዚያው ማሽን ላይ መሞከር ይቻላል። ለሻጩም ቢሆን የማሽኑን ትውልድና የፈቃዱን ሁኔታ በደረሰኙ ላይ መጻፍ ደንበኛ ያበዛለታል እንጂ አያጎድልበትም።