አምስት ምሳሌ ሕግ አይሆንም፦ የ4,294,967,297 ጠባያት

በሒሳብ ትምህርት አንድ ደንብ በጥቂት ምሳሌዎች ተሞክሮ ትክክል ሆኖ ሲገኝ፣ ተማሪው ደንቡ ምን ጊዜም ይሠራል ብሎ መደምደሙ የተለመደ ነው። ይህ ዓይነቱ ድምዳሜ ምን ያህል ሊያሳስት እንደሚችል ለማስረዳት 4,294,967,297 የተባለው ሙሉ ቁጥር ሁነኛ ምሳሌ ነው።

የቁጥሩ አመጣጥ እንደሚከተለው ነው። ከ2 በመነሣት እያንዳንዱ ውጤት በራሱ ሲባዛ 2፣ 4፣ 16፣ 256 እና 65,536 ይገኛሉ። በእያንዳንዳቸው ላይ 1 ሲደመር 3፣ 5፣ 17፣ 257 እና 65,537 ይሆናሉ። አምስቱም ብቸኛ ቁጥሮች ናቸው፤ ይኸውም ከ1 እና ከራሳቸው በስተቀር ያለ ቀሪ የሚያካፍላቸው ሙሉ ቁጥር የለም። ፈረንሳዊው ፒየር ደ ፌርማ ይህን በመመልከት፣ በዚሁ መንገድ የሚገኙት ሁሉ ብቸኛ ቁጥሮች ናቸው የሚለውን እምነቱን እ.ኤ.አ. በ1640 በደብዳቤ ገለጸ። ይሁን እንጂ ማረጋገጫ አላገኘለትም ነበር።

ስድስተኛው ቁጥር፣ 65,536 በራሱ ተባዝቶ 1 ሲደመርበት የሚገኘው 4,294,967,297 ነው። ይህን ቁጥር በተራ ማካፈል የሚመረምር ሰው ከ65,536 በታች ያሉትን 6,542 ብቸኛ ቁጥሮች አንድ በአንድ እስከ መሞከር ሊደርስ ይችላል። ስዊዘርላንዳዊው ሌዎንሃርድ ኦይለር ግን እ.ኤ.አ. በ1732 ቁጥሩ የ641 እና የ6,700,417 ብዜት መሆኑን አስታወቀ። በኋላም እንዳረጋገጠው፣ ይህን ቁጥር ያለ ቀሪ የሚያካፍል ማንኛውም ብቸኛ ቁጥር ለ64 ሲካፈል 1 ይቀረዋል። እንዲህ ያሉት ብቸኛ ቁጥሮች በቅደም ተከተል 193፣ 257፣ 449፣ 577፣ 641 እያሉ ስለሚቀጥሉ፣ መልሱ በአምስተኛው ሙከራ ይገኛል።

መምህሩ የ641ን አካፋይነት ረጅም ማካፈል ሳያስፈልገው በሰሌዳ ላይ ሊያሳይ ይችላል። ለዚህም መነሻ የሚሆነው፣ ሁለት ቁጥሮች በቀሪዎቻቸው ተተክተው ቢባዙ የብዜቱ የመጨረሻ ቀሪ የማይለወጥ መሆኑ ነው። 65,536 ለ641 ሲካፈል 102 ጊዜ ደርሶ 154 ይቀራል። ስለሆነም በ65,536 ፈንታ 154ን በራሱ ማባዛት ይበቃል፤ ውጤቱም 23,716 ነው። 1 ሲደመርበት 23,717 ይሆናል፤ ይህም በትክክል 641 × 37 ነው። ቀሪ ስለሌለ 641 ታላቁን ቁጥር ያካፍላል፤ የፌርማም ግምት ይፈርሳል።

ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ሁለት ገጽታ አለው። አንደኛ፣ አምስት ምሳሌዎች ያላጸኑትን ግምት አንድ ተቃራኒ ምሳሌ ብቻውን ያፈርሰዋል። ሁለተኛ፣ ከ65,537 በኋላ በዚህ መንገድ የተገኘ ሌላ ብቸኛ ቁጥር እስከ ዛሬ የለም፤ ሆኖም ከቶ ሊኖር አይችልም የሚለውም አልተረጋገጠም። ፌርማን ያሳሳተው ችኮላ በተቃራኒው አቅጣጫም እንዳይደገም፣ ተማሪው «ታይቷል» በሚለውና «ተረጋግጧል» በሚለው መካከል ያለውን ልዩነት ከታችኛዎቹ ክፍሎች ጀምሮ ሊለማመደው ይገባል።