የአሮጌ ካሴት ዋጋ ስንት ነው?

«በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል» ይባላል። በሆሳዕና፣ በሾኔ ወይም በዱራሜ ከመደብሩ ጓዳ አሮጌ የካሴት ካርቶን ያስቀመጠ ነጋዴ ካለ፣ ከመጣሉ በፊት የኃይሉ መርጊያን ታሪክ ይስማ።

ኃይሉ የዋልያስ ባንድ ኪቦርድ ተጫዋች ነበር። ባንዱ «ቼ በለው» የተሰኘውን ሸክላ ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1977 ነው። በ1981 ባንዱ ለሥራ ወደ አሜሪካ ሲሄድ ኃይሉ እዚያው ቀረ። በ1985 አኮርዲዮንን ከሲንተሳይዘርና ከኤሌክትሪክ ፒያኖ ጋር አዋህዶ ብቻውን የተጫወተበት ካሴት ገበያ ላይ ዋለ። በኋላ ግን መተዳደሪያው በዋሽንግተን ታክሲ መንዳት ሆነ።

በአገራችን የሙዚቃ ሽያጭን በየሳምንቱ ደረጃ የሚያወጣ ይፋ ሰንጠረዥ ስላልነበረ፣ ካሴቱ ስንተኛ እንደወጣ የተመዘገበ ነገር የለም። ዋጋውን ያወጣለት ሌላ ገበያ ነው። አሜሪካዊው ብራያን ሺምኮዊትዝ አንዱን ቅጂ ባሕር ዳር ከሚገኝ ሱቅ አገኘ። ባለመብቱን አፈላልጎ ተዋዋለና በ2013 በሸክላና በሲዲ አሳተመው። ኃይሉም ወደ ዓለም መድረክ ተመለሰ፤ በ2018 «ላላ በሉ» የተባለ አዲስ አልበም አወጣ።

በሀዲይኛ ወይም በከምባትኛ የተቀረጸ አሮጌ ካሴት ደግሞ ሌላ ቦታ ላይገኝ ይችላል። ነገር ግን ካሴቱን የያዘ ሰው የያዘው ዕቃውን እንጂ መብቱን አይደለም። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410 መብቱን የሰጠው ለሥራው ባለቤቶች ነው። አባዝቶ መሸጥ ከሕግ ያጋጫል፤ ባለመብቱን ከገዢ ማገናኘት ግን ንጹሕ ድለላ ነው፤ ኮሚሽንም አለው።