ከመተማ ቆላ እስከ ምርመራ ክፍል፦ የሕክምና ምስልና የታካሚው ሥጋት



ለሰሊጥ አረምና አጨዳ ከደጋ ወደ መተማ ቆላ የወረደ አንድ ወጣት በዓይነ ኅሊናችሁ ተመልከቱ። ትኩሳቱ አልለቅ ብሎት ከስቷል፤ ሆዱም በግራ በኩል አብጧል። ካላዛር ተጠርጥሮ ወደ ጎንደር ይላካል። በሽታው ጣፊያን ስለሚያሳብጥ አልትራሳውንድ፣ ከሳንባ ነቀርሳ ጋር ተደርቦ ሊገኝ ስለሚችልም የደረት ራጅ ሊታዘዝለት ይችላል። ወጣቱ ግን መሣሪያውን ከሕመሙ አስበልጦ ቢፈራ፣ ፍርሃቱን አላዋቂነት ብለን ልናልፈው አይገባም።

ሥጋቱ ሦስት ምንጮች አሉት። የመጀመሪያው ጨረሩ ነው። «ራጅ» የሚለው ቃል ከጣሊያንኛ የመጣ ሲሆን ትርጉሙም ጨረር ነው። ሮንትገን እ.ኤ.አ. በ1895 የባለቤቱን እጅ በራጅ ሲያነሣ፣ እርሷ የገዛ አጥንቷን አይታ እንደ ደነገጠች ይነገራል። ፍርሃቱ ከመሣሪያው ጋር አብሮ የተወለደ ነው ማለት ነው። ይሁን እንጂ የአንድ የደረት ራጅ መጠን 0.1 ሚሊሲቨርት ገደማ ነው፤ ሰው ከምድር፣ ከአየርና ከጠፈር በዓመት የሚያገኘው በዓለም አማካይ 2.4 ሚሊሲቨርት ያህል ነው። ስለዚህ አንዱ ራጅ የሁለት ሳምንት ያህል የተፈጥሮ ጨረር ነው። አልትራሳውንድ በድምፅ ሞገድ፣ ኤምአርአይ በማግኔትና በሬዲዮ ሞገድ ስለሚሠሩ ይህ ጨረር የለባቸውም። የሲቲ ስካን መጠን ግን ከራጅ እጅግ ስለሚበልጥ በበቂ ምክንያት ብቻ ይታዘዛል።

ሁለተኛው ምንጭ የምርመራው ሁኔታ ነው፤ ጠባቡ ዋሻ፣ የኤምአርአይ ጩኸት፣ ብቻውን መተኛት። በፍርሃት የተንቀሳቀሰ ታካሚ ምስሉ ይደበዝዛል፤ ምርመራውም ሊደገም ይችላል። ስለዚህ ማረጋጋት ከደግነት አልፎ የምርመራው አካል ነው።

ሦስተኛውና ከባዱ ውጤቱ ነው። ይህን ሥጋት የጨረር መጠን በመንገር ማስወገድ አይቻልም። ከዘመድ ርቆ ለሚጠብቅ የቀን ሠራተኛ ደግሞ እያንዳንዱ ቀን የቀረ ደመወዝ ነው። ውጤቱን ሳይሰማ ወደ እርሻው ቢመለስ፣ ካልታከመ በአብዛኛው የሚገድለውን ካላዛርን ይዞ ተመለሰ ማለት ነው።

መድኃኒቱ አጭር ነው፦ ምን እንደሚደረግለት፣ ምን ያህል ጊዜ እንደሚወስድ፣ ውጤቱን መቼና ከማን እንደሚሰማ በሚገባው ቋንቋ ይነገረው። «አትንቀሳቀስ» ከማለታችን በፊት ለምን እንደሆነ እንንገረው።