መኪናና ተሳቢው በምን ይያያዙ?

ገበሬ በሬዎቹን ሲጠምድ ሞፈሩን ከቀንበሩ ጋር በምራን ያስራል። ምራኑ ቢላላ ሞፈሩ ይወላገዳል፤ ቢበጠስም በሬዎቹ ይቆማሉ፣ ገበሬውም ሌላ ምራን ይፈልጋል። ጉዳቱ ከዚህ አያልፍም። በመኪናና በተሳቢ መካከል ያለው ማያያዣ ግን እንዲህ ያለ ጊዜ አይሰጥም። በዓባይ በረሃ ቁልቁለት ላይ ማያያዣው ቢከፈት፣ ሾፌርም መሪም የሌለው ብዙ ኩንታል ጭነት በመንገደኛና በከብት ላይ ይለቀቃል። ስለዚህ ተሳቢ የሚገዛ ሰው ወይም ማኅበር ስለ ጎማውና ስለ ቀለሙ ከመጠየቁ በፊት ስለዚህች ትንሽ ብረት ቢጠይቅ ይሻለዋል።

መጀመሪያ የሚጠየቀው «ማያያዣው ምን ያኽል ይጎትታል?» የሚለው አይደለም። «የተሳቢው ክብደት የት ላይ ያርፋል?» የሚለው ነው። መልሱም እንደ ተሳቢው ዓይነት ይለያያል።

በአገራችን መንገዶች ላይ ለብዙ ዘመን የታወቀው ተሳቢ ከፊትም ከኋላም ጎማ ያለው ነው። ይህ ዓይነቱ ክብደቱን ራሱ ይሸከማል። ከመኪናው የሚፈልገው መጎተትን ብቻ ነው። በመሆኑም ማያያዣው ቀላል ነው። በተሳቢው መጎተቻ ዘንግ ጫፍ ላይ ወፍራም የብረት ቀለበት አለ፤ ቀለበቱ ከመኪናው ኋላ በተሠራው አፍ ውስጥ ይገባና ፒን ይወርድበታል። የቀለበቱ ቀዳዳ አብዛኛውን ጊዜ 40 ወይም 50 ሚሊ ሜትር ስፋት አለው። ባለ 50 ቀለበት ለ40 በተሠራ ፒን ቢያያዝ፣ መኪናው በተነሣና በቆመ ቁጥር ብረት ከብረት ይጋጫል፤ ቀዳዳው እየሰፋ፣ ፒኑም እየሳሳ ይሄዳል። «ይሠራል እኮ!» የሚል ረዳት አይታጣም። መሥራቱንስ ይሠራል፤ እስኪሰበር ድረስ።

ሁለተኛው ዓይነት ጎማው ከኋላ ብቻ የሆነው ረጅሙ ተሳቢ ነው። የፊት ክብደቱን የሚሸከምለት ጎታቹ መኪና ነው። በመኪናው ሻሲ ላይ ወፍራም የብረት ሳህን ተገጥሟል፤ ከተሳቢው ሆድ የወረደው ፒን በሳህኑ ስንጥቅ ገብቶ ይቆለፋል። ሳህኑ በግራሶ ካልታሸ መሪው ይከብዳል። ይኸን ሳህን ፈረንጆች «አምስተኛ ጎማ» ይሉታል። ስሙ የመጣው ከፈረስ ሠረገላ ነው። ሠረገላው አራት ጎማ ነበረው፤ የፊቱ ዘንግ የሚዞርበት፣ ተጋድሞ የተቀመጠ የብረት ቀለበት ደግሞ አምስተኛ ሆኖ ተቆጠረ። እ.ኤ.አ. በ1914 በአሜሪካ፣ በዲትሮይት ከተማ፣ ኦገስት ፍሩሃፍ የተባለ ሠረገላ ሠሪ ለአንድ ነጋዴ የጀልባ መጫኛ ሠርቶ ከፎርድ መኪና ጋር አያያዘለት። የዛሬዎቹ ረጃጅም ተሳቢዎች ታሪክ ሲነገር ይህ ሥራ ሳይነሣ አይቀርም።

አሁን ወደ ትንሹ መኪና፣ ወደ ፒክአፑ እንምጣ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። በፒክአፕ ተሳቢን ለመጎተት ሁለት ቦታ አለ፤ ወይ ከኋላ ጫፉ፣ ወይ ከጭነት ቦታው ወለል ላይ። ከኋላ ጫፍ የሚገጠመው የብረት ኳስ ነው፤ የተሳቢው ምላስ እንደ ቆብ ይደፋበታል። ለአነስተኛ ተሳቢ፣ ለጄኔሬተርና ለውሃ ታንከር ይበቃል። ነገር ግን ኳሱ ከኋላ ጎማ ወደ ኋላ የወጣ ነው። ይኸ ምን ያመጣል? እንቁጠረው። በመኪናው የፊትና የኋላ ጎማ መካከል 3 ሜትር ይሁን፤ ኳሱም ከኋላ ጎማ መካከል 1 ሜትር ከ20 ይራቅ። በኳሱ ላይ 500 ኪሎ ቢጫን፣ የኋላ ጎማዎች 700 ኪሎ ይጨመርባቸዋል፤ ከፊት ጎማዎች ላይ ደግሞ 200 ኪሎ ይነሣል። ልክ እንደ ሚዛን ነው፤ አንዱ ወገን ሲወርድ ሌላው ይወጣል። የፊት ጎማ ከቀለለ መሪ አይታዘዝም፤ በዝናብ ቀንማ አይጣል ነው።

ማያያዣው በጭነት ቦታው ወለል ላይ፣ ከኋላ ጎማ ራስ ላይ ወይም ትንሽ ወደ ፊት ቢገጠም ግን ክብደቱ በቀጥታ በጎማው ላይ ይወርዳል። የፊቱ አይቀልም፤ ተሳቢውም እንደ ውሻ ጅራት አይወዛወዝም። በአሜሪካ ከባድ ተሳቢ የሚጎትቱ ገበሬዎች ይኸን የሚመርጡት ለዚህ ነው። እዚያ በወለሉ ላይ የሚገጠመው ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው «የዝይ አንገት» ይባላል፤ የተሳቢው አንገት ከፍ ብሎ ተቆልምሞ በወለሉ መካከል ባለ ኳስ ላይ ይወርዳል። ከብትና ድርቆሽ ለሚጭን ሰው ይስማማዋል፤ ሥራው ሲያልቅ ኳሱ ይነሣና ወለሉ ለእህል ነፃ ይሆናል። ሁለተኛው ያው አምስተኛ ጎማ፣ ለፒክአፕ እንዲሆን ያነሰው ነው። ጉዞው የረጋ ስለሆነ እንደ ቤት የሚኖርባቸውን ተሳቢዎች የሚጎትቱ ሰዎች ይወዱታል፤ ግን ከባድ ነው፣ ወለሉንም ይይዛል። እኔን ብትጠይቁኝ መኪናውን በሳምንቱ ቀናት ለሌላ ሥራ የሚፈልግ ሰው የመጀመሪያውን ይያዝ እላለሁ። የአንዱን ተሳቢ በማገናኛ ብረት ለሌላው ማያያዣ ማድረግ ግን የተሳቢውን ሻሲ ሊያጣምም ይችላል። ፋብሪካው ካልፈቀደ አይደረግም።

የወለል ማያያዣ የራሱ ዕዳ አለው። ከኋላ በተገጠመ ኳስ ላይ የሚያርፈው ከተሳቢው ጠቅላላ ክብደት ከ10 እስከ 15 ከመቶ ሲሆን፣ በወለል ማያያዣ ላይ ግን ከ15 እስከ 25 ከመቶ ይሆናል። ተሳቢው ከነጭነቱ 5 ቶን ቢሆንና 20 ከመቶው ቢያርፍ፣ 1 ቶን በፒክአፑ ላይ ተጫነ ማለት ነው። ብዙ ፒክአፕ ከ1 ቶን በላይ እንዲሸከም አልተሠራም፤ ሾፌሩና ተሳፋሪዎቹም፣ ማያያዣው ራሱም ይመዝናሉ። «ሞተሩ ይጎትተዋል» ማለት «ባሌስትራው ይሸከመዋል» ማለት አይደለም። ጭነቱን ወደ ተሳቢው ኋላ መግፋትም መፍትሔ አይሆንም። ምላሱ ከ10 ከመቶ በታች ከቀለለ ተሳቢው መወዛወዝ ይጀምራል፤ ውዝዋዜውም ፍጥነት ሲጨመር ይብሳል።

ሲገዛ የኳሱ ስፋት በቁጥር ይታይ። 50 ሚሊ ሜትር የሆነ ኳስ ለ59 የተሠራ ቆብ ቢደፋበት የተያያዘ ይመስላል፤ መጀመሪያ ባገኘው ጉድጓድ ላይ ግን ይዘላል። የወለል ማያያዣ ደግሞ በቆርቆሮው ወለል ላይ ብቻ ታስሮ አይቀርም፤ ቡሎኑ እስከ ሻሲው መድረስ አለበት። የጭነት ቦታው አጭር ከሆነ በጠባብ መታጠፊያ ላይ የተሳቢው አፍንጫ የሾፌሩን መስኮት እንዳይመታ አስቀድሞ ይለካ።

ከመነሣት በፊት ረዳቱ መቆለፊያውን በዓይኑ አይቶ፣ በእጁም ይንካ። ኳስ ከሆነ ሁለቱ ሰንሰለቶች ከምላሱ ሥር ተጠላልፈው ይታሰሩ፤ ማያያዣው ቢለቅ ምላሱ መሬት ሳይነካ በእነርሱ ላይ ያርፋል። ከዚያ የተሳቢው ፍሬን ተይዞ መኪናው ቀስ ብሎ ወደ ፊት ይሳብ። ካልተላቀቀ መብራቱ ይሞከራል፣ ፍሬኑ ይለቀቃል፣ ጉዞው ይጀመራል። ማያያዣው አዲስ ከሆነ በመጀመሪያው ማረፊያ ቆሞ ቡሎኖቹን እንደገና ማጥበቅ ያስፈልጋል።